ለቅሶ ሊደርሱ የቆሙት ብስክሌተኛ፦ የኤይለርት ብራትላንድ የሕይወት ታሪክ

ኤይለርት ብራትላንድ የሌፍሳ ቂጣ ለመብላት አልቆሙም።

የልደታቸው ቀን፣ የወላጆቻቸው ስም፣ የተማሩበትና የሠሩበት ሁሉ በየተራው ይነበባል። ይህኛው ግን ይቅደም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «ይቆይ፣ ይቆይ» ሲባል የኖረ ነገር ነውና ከዚህ ወዲያ የሚቆይበት ቀን የለም። የሰሜን ዙር የብስክሌት ውድድር በዚህ በመንደራችን በስካልቪክ ባለፈ ቁጥር በድምፅ ማጉያ «እነሆ፣ ኤይለርት ብራትላንድ ዙሩን በእናቱ ሌፍሳ የለወጠበት ቦታ ደረስን!» ይባላል። ሰው ይስቃል። ቴሌቪዥኑ ይደግመዋል። ለምሳ ዘግይቶ የመጣ ልጅ «ምነው፣ እንደ ኤይለርት ቂጣ ስትገምጥ ቆየህ?» ይባላል። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም መካከል አብረው የሳቁ አሉ።

ቄሳችን ኢዳ ይህን ጽሑፍ ቀድመው አይተውት «ጉንቮር፣ ትንሽ ለዘብ ብናደርገው ምን ይመስልሻል?» ብለው ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀችው የሟች ታናሽ እህት ጉንቮር ናት። በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ዕድሜዋን በዓሣ ፋብሪካ ቢላ ይዛ ነው የኖረችው፤ ለዘብ ያለ ጽሑፍ ለሚችሉበት ትታዋለች። እንዳለ ይነበባል።

ኤይለርት ብራትላንድ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ኮንራድ ብራትላንድና ከእናታቸው ከዳግኒ ኢሳክሰን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1961 በስካልቪክ፣ ከጀልባ ማቆሚያው በላይ ባለው ቢጫ ቤት ተወለዱ። ጊዜው የዓሣ ወቅት ነበርና አባታቸው ባሕር ላይ ነበሩ፤ የበኩር ልጃቸውን ያዩት ለፋሲካ ሲመለሱ ነው። አገላብጠው አይተው «እግሩ ረጅም ነው፤ ለጀልባ አይመችም» አሉ ይባላል። ትንቢታቸው ደረሰ።

እስከ ዘጠነኛ ክፍል የተማሩት ከባሕር ሰርጡ ጫፍ ባለው ትምህርት ቤት ነው። አውቶቡስ ነበረ። እሳቸው ግን ፖስታ አመላላሹ ጡረታ ሲወጣ የተወላቸውን ጥቁር ከባድ ብስክሌት መረጡ። ጠዋት ሲሄዱ ነፋሱ ከፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱም ዞሮ ከፊት ነው፤ ይህን የስካልቪክ ሰው ያውቀዋል። ጉንቮር አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት በትንሽ ብስክሌቷ ከኋላ ከኋላቸው ትል ነበር። ኤይለርት በጀርባቸው ነፋሱን ይከልሉላት ነበር፤ በየኩርባው ዞር ይሉና «አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ!» ትላለች። መልስ ካልሰሙ ይቆማሉ። አንድ ቀን የጉንቮር ሰንሰለት ወልቆ ሁለቱም አርፍደው ሲገቡ መምህሩ «አንተስ ምን ሆንህ? ብስክሌትህ ደኅና ነው» ቢሏቸው «እሷ ከኋላዬ የለችም ነበራ» አሉ። ከዚያ የተሻለ መልስ ጉንቮር እስከ ዛሬ አልሰማችም።

ከዚያ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት መካኒክነት ተማሩ። እየተማሩም ለከተማው የብስክሌት ክለብ ተወዳደሩ፤ በ1983 ከአንድ የቤልጂግ ቡድን ጋር ተፈራርመው የሙያ ብስክሌተኛ ሆኑ። መንደሩ ኩራት ኩራት አለው። ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ ተደቅኖ ቢጠብቅ ኤይለርት ብቅ የሚሉት የውሃ ኮዳ በጉያቸው አጭቀው ለሌላው ሲያቀብሉ ብቻ ሆነ። አባታቸው አንድ የገና ሰሞን «ቆይ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ለአለቃችን ነፋስ እከልላለሁ፣ ውሃ አመላልሳለሁ።»

«ይኼንንማ እኔም በልጅነቴ መርከብ ላይ ሠርቼዋለሁ» አሉ አባታቸው። «ያውም ሲመሽ ዓሣ ይሰጡኝ ነበር።»

ኤይለርት በዚህ ቀልድ ዕድሜ ልካቸውን ስቀዋል። ቀልድ የማይወዱ ሰው አልነበሩም። ይህም ይታወቅልን።

ባለቤታቸውን ግሪትን ያገኟቸው በዚያው ቡድን ውስጥ ነው። ግሪት ከመንገድ ዳር ቆመው ለሚያልፉት ብስክሌተኞች የስንቅ ከረጢት ያቀብሉ ነበር። ሁሉም ሳያይ ነጥቆ ይሄዳል። ኤይለርት ግን ፍሬን ይዘው «አመሰግናለሁ» ሲሉ ከኋላ ያለው ሊጋጫቸው ደረሰ። አሠልጣኙ ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ «አንተ የሰሜን ድብ! እዚህ ሠርግ ቤት መሰለህ?» እያለ ጮኸ። ግሪት በዚያ ቀን ወሰኑ።

አሁን ወደ 1989 እንመጣለን።

በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የአባታቸው የኮንራድ ጀልባ ከደሴቶቹ ባሻገር ተገልብጣ ተገኘች። ኮንራድ አልተገኙም። ወሬው ሲደርሳቸው ኤይለርት ስፔን ውስጥ ውድድር ላይ ነበሩ። «ልሂድ» አሉ፤ ቡድኑ «ሬሳ ከሌለ ምን ልትቀብር ትሄዳለህ?» ብሎ ከለከላቸው። ጸሎቱ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ያለ እሳቸው ተደረገ። ድንጋዩም ከመንገዱ ማዶ ባለው መካነ መቃብር፣ ከስሩ ምንም ሳይኖረው ቆመ። እናታቸው ዳግኒ ጥቁር ለበሱ። በስልክ ማልቀስ እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ካለ ይንገረን፤ ዳግኒ አልቻሉበትም።

በዚያው ዓመት በኦገስት የሰሜን ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ በስካልቪክ እንዲያልፍ ተወሰነ። ኤይለርትም ከቡድናቸው ጋር መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ውሃ ሊያመላልሱ። ቡድኑ ሁሉ እንዲያሸንፍ የሚደክምለት አለቃቸው በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት ቀረ። በአራተኛው ቀን ተራራው ላይ ኤይለርት ከብስክሌተኞቹ ጭፍራ ተነጥለው ወጡና ማንም ሳይደርስባቸው ገቡ፤ የመሪውን ሰማያዊ ማሊያ ለበሱ። የሚቀጥለው ቀን መንገድ በእናታቸው ደጅ የሚያልፈው ነበር።

በብስክሌተኞች መካከል የትም ያልተጻፈ ሕግ አለ። ውድድሩ በአንዱ ልጅ አገር ሲያልፍ፣ ልጁ ለዋና ዋናዎቹ አስታውቆና አስፈቅዶ ቀደም ይላል፤ ወገኖቹን ይስማል፤ ጭፍራው ቀስ ብሎ መጥቶ ይይዘውና አብሮ ይቀጥላል። በዚያች ሰዓት ማንም ለመቅደም አይነሣም። የቆመ ሰው ላይ የሚሮጥ ከሰው አይቆጠርም። ኤይለርት በዚያ ጠዋት ከጭፍራው ፊት እስከ ኋላ እየተመላለሱ ጠየቁ። «የአባቴን ለቅሶ አልደረስሁም። እናቴ ከመቃብሩ አጥር ቆማ ትጠብቀኛለች» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በውጤት ሁለተኛ የነበረው፣ ከደቡብ የመጣው ሰው ደግሞ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ «ሂድ ወንድሜ፤ እናትህን ለእኛም ሳምልን፤ የሚንቀሳቀስ የለም» አላቸው። ይህን የሰሙ ብስክሌተኞች ናቸው በዚያው ምሽት ለግሪት የነገሯቸው። ግሪት ይኸው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ የሚጠራጠር ካለ ሲወጡ ይጠይቃቸው።

የደቡቡን ሰው ስም አንጽፍም። ኤይለርት «ስሙን አትጥሪው» ብለው ነበር። ብዙዎቻችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ድምፁንማ ሁላችሁም።

ኤይለርት ቀድመው መጡ። ብስክሌታቸውን ከመቃብሩ አጥር አስደግፈው እናታቸውን አቀፉ። ጉንቮር ከአጠገባቸው ቆማ ነበር። ዳግኒ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያላወጡት ልቅሶ በዚያች ቅጽበት ወጣ። ኤይለርትም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልቅሶው ገና መንገዱን ሳይይዝ ከኩርባው በኩል የማርሽ ድምፅ ተሰማ። እንደሚሆነው ቢሆን ጭፍራው እያወራ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ለዳግኒ እጁን እያወዛወዘ ነበር መምጣት ያለበት። የመጣው ግን ቀጭን ሰልፍ ሠርቶ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣ እንደ ድንጋይ ውርጅብኝ ነው። ከፊት የደቡቡ ሰው ነበር። ሌሎቹ ተከተሉት፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ምን ያድርግ? ቀድመው ያዩት ዳግኒ ናቸው። «ሂድ!» አሉ። «ሂድ ልጄ! ሂድ!» ብለው የኤይለርትን ደረት ገፉ። ለመንገድ ስንቅ ይሆናቸው ዘንድ ቡናማ አይብ ቀብተው የጠቀለሉላቸውን ሌፍሳ ከማሊያቸው የኋላ ኪስ ወሸቁላቸው። ሌፍሳው ይህ ነው። ከዚህ በላይ ሌፍሳ የለም።

አንድ ፎቶ አንሺ ያችን እጅና ያቺን ኪስ አነሣ። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ፦ «የእማማ ሌፍሳ ዙሩን በላው»። በፎቶው ላይ የዳግኒ ጥቁር ልብስ አይታይም። ቆርጠውታል።

ኤይለርት የሰርጡን ዳር ብቻቸውን ነፋስ እየገፉ ተከተሉ። የቡድናቸው ሁለት ልጆች ሊጠብቋቸው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ እነሱም ደክሟቸው ነበርና አልሆነም። ሰማያዊው ማሊያ በዚያ ቀን ወደ ደቡቡ ሰው ሄደ፤ ዙሩንም እሱ አሸነፈ። ኤይለርት ሁለተኛ ወጡ። ሲጨርሱ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ማይክ የደቀነባቸውን ጋዜጠኛ «እናቴን ሳምኋት» ብለው አለፉት። አንድም ሰው ላይ አልተናገሩም። ጉንቮር «ለምን አትናገርም?» ብላ ስትቆጣቸው «ቃል ሰጥቶ የበላው እሱ ነው። እኔ ምን አፍራለሁ?» አሉ። እሳቸው አላፈሩም። ጉንቮር ግን እስከ ዛሬ ትቃጠላለች።

ዳግኒስ? ዳግኒ ከዚያ ወዲያ ውድድሩ ሲያልፍ ወደ መንገድ ወጥተው አያውቁም። መስኮት ዘግተው ከጓዳ ይቀመጣሉ። ድምፅ ማጉያው ግን ግድግዳ አያግደውም። «ትንሽ ቀደም ብዬ ብለቀው ኖሮ» ይሉ ነበር። «እማማ፣ የኔ ስህተት የለም፣ ያንቺም የለም» ይሏቸዋል ኤይለርት፤ ዳግኒ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አያምኑም። በ1996 ሲሞቱ ይህንኑ እንደ ያዙ ሞቱ። አንዲት ሴት የባሏን ለቅሶ ከልጇ ጋር ስላለቀሰች ይቅርታ እየጠየቀች ሞተች። እስቲ ይህ ያስቃል?

ኤይለርትና ግሪት በ1990 በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ ኤይለርት ከአንድ ዓመት በኋላ ውድድር አቁመው ለዘለቄታው ወደ ስካልቪክ ተመለሱ። ሄርዲስና ኮንራድ የተባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ። ከ1992 እስከ 2021 የተራራውን መንገድ የሚከፍተውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነዱ። ነፋሱ ሲበረታ መንገዱ ይዘጋና መኪኖች ከታች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ መጥረጊያው ከፊት ሆኖ በአጀብ ያሻግራቸዋል። በዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ የኤይለርትን የኋላ መብራት ተከትሎ ያውቃል። ከመነሣታቸው በፊት ወርደው እስከ መጨረሻው መኪና ይሄዳሉ፤ መስኮቱን ይቆረቁሩና «አለህ? መብራቴን አትልቀቅ። ብትቆም እቆማለሁ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ መሀል ተራራ ላይ የኋለኛዋ መኪና ብትጠፋባቸው ሙሉውን ሰልፍ አቆሙት። ከፊት ያለ አንድ ቸኳይ ጥሩምባውን እየነፋ «ስንት ሰዓት ልንጠብቅ ነው? አውሮፕላን ያመልጠኛል!» ብሎ ጮኸ። ኤይለርት ከነአካፋቸው ወደ እሱ ተጠግተው «ከኋላህ ሕፃን የያዘች ሴት አለች። አንተ ከቸኮልህ ይኸው መንገዱ፤ በረዶውን በጣትህ እየጠረግህ ሂድ» አሉት። ሴትዮዋን ቆፍረው አውጥተዋት ነው የተነሡት። ጥለውት የሄዱት አንድ ሰው የለም። ያ ሁሉ ሰው «ለቂጣ የቆመው» እያለ ሲስቅባቸው ተራራውን ያሻገሩት እሳቸው ናቸው።

ከሁሉ የባሰው ገና ነው። የደቡቡ ሰው እግሩ ሲደክም ማይክ ያዘ። ውድድሩን በቴሌቪዥንና በድምፅ ማጉያ የሚያስተላልፈው እሱ ሆነ። ቀልዱን በየዓመቱ የሚናገረው ማን እንደ ነበር ያልገባው ካለ አሁን ይግባው። በ2013 ደግሞ አዘጋጆቹ ከመቃብሩ ፊት ለፊት፣ ዳግኒ በቆሙበት ቦታ፣ በመንገዱ ላይ ነጭ መስመር ቀቡ። ስሙን «የሌፍሳ መስመር» አሉት። ቀድሞ ያለፈው ብስክሌተኛ አንድ ቅርጫት ሌፍሳ ይሸለማል። ቅርጫቱን እንዲሰጡ የጠየቁት ማንን ነው? ኤይለርትን! ኤይለርት በትርፍ ሰዓታቸው ከሚሠሩባት ወርክሾፓቸው ብቅ ብለው ዘይት የነካ እጃቸውን አሳዩና «እጄ ቆሻሻ ነው» ብለው ተመለሱ። ብስክሌት ሲጠግኑ ዋሉ።

ጉንቮር ወደ ወረዳው ስብሰባ ሄደች። ሰብሳቢው «ጉንቮር፣ ቀልድ እኮ ነው። ለመንደራችን ደግሞ ጥሩ ነው፤ እንግዳ ይመጣል» አሏት።

«ቀልዱ የማን እናት ናት?» አለቻቸው።

«አሁን ይኼን ምን አመጣው?»

«የእርስዎ እናት ከሆነች እኔም እስቃለሁ። የማን እናት ናት?»

ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። በዚያ ዓመት ከመቃብሩ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ሌፍሳ የሸጡት ሰዎች ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። ስም አይጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ለቀብራቸው መምጣታችሁን ግን ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ኤይለርት ባለፈው መኸር ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። የቆሽት ካንሰር ተባለ። በከተማው ሆስፒታል በሚገባ ታከሙ፤ ሐኪሞቹንና ነርሶቹን ቤተሰቡ ያመሰግናል። የሚሻል እንዳልሆነ ሲታወቅ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ አልጋቸው መንገዱ ወደሚታይበት መስኮት ተጠጋ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2024፣ ሰኞ ጠዋት፣ ግሪት እጃቸውን እንደ ያዙ፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከመሞታቸው በፊት ስለ ውድድሩም ስለ ደቡቡም ሰው አላነሡም። «ከእማማ አጠገብ ቦታ አለ አይደል?» ብለው ነው የጠየቁት። አለ።

የቀብሩን ቀን የቆረጠችው ጉንቮር ናት። ዓርብ ኦገስት 16፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ዙሩ በስካልቪክ የሚያልፈው በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ በላይ፣ መቃብሩ ከመንገዱ በታች ነው። ሳጥኑ መሻገር አለበት። ከአዘጋጆቹ ስቲያን የሚባለው ልጅ ይህን ሲሰማ እየበረረ መጣ። ጫማውን ከበሩ አውልቆ በካልሲ ገባና ከጉንቮር ወጥ ቤት ተቀመጠ።

«ጉንቮር፣ እንደ ሰው እንነጋገር» አላት።

«እስከ ዛሬ እንደ ምን ስንነጋገር ነው የኖርነው?» አለችው።

ሐሙስ ይሁን አለ። ሰኞ ይሁን አለ። ጠዋት ይሁን አለ። ውድድሩ በብዙ አገር በቴሌቪዥን እንደሚታይ ነገራት።

«ይታያ። ለቅሶ ይዩ።»

«ለእሱም ክብር እንሰጣለን፤ ፎቶውን በመነሻው ላይ እንሰቅላለን።»

«የትኛውን? ሌፍሳ ያለበትን?»

ስቲያን ቀላ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሲሆን አልተወለደም። ጉንቮር አሁን የተነበበላችሁን ሁሉ ነገረችው። ልጁ «ይኼን ማንም አልነገረኝም» አለ። ከዚያ ሌላ መላ አመጣ፦ ብስክሌተኞቹን ጥቂት ያዘገያቸዋል፤ እነሱ ሳይደርሱ ሳጥኑ ይሻገራል፤ ማንም አይጎዳም፤ ማንም አያይም።

ማንም አያይም! ጉንቮርን ያስነሣት ይህ ቃል ነው። «ሠላሳ አምስት ዓመት ማንም አላየም» አለችው። «ተደብቀን አንሻገርም። መጥተው ያግኙን። ያኔ ሊጠብቁት ቃል ገብተው አልጠበቁትም። አሁን ይጠብቁት።»

«መንገዱ እኮ በሕግ ተዘግቷል!»

የወረዳውን ፖሊስ አብረው ጠየቁት። ፖሊሱ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «የተዘጋው ለመኪና ነው» አለ። «ሬሳ የተሸከመ ሰው መኪና አይደለም። ደግሞ ስቲያን፣ በኔ አገር ሬሳ የሚያቆም ፖሊስ ካየህ ጥራኝ።» ፖሊሱ የሞተ አባቱን ኤይለርት በበረዶ ተራራ አሻግረው ያመጡለት ሰው ነው።

ስቲያን ትናንት ደውሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ብስክሌተኞቹ በኩርባው ድንገት እንዳይደርሱባችሁ ከሩቅ የሚያስቆም ምልክት ይኑር አለ። ልክ ነው። የኤይለርት የመንገድ ሥራ ባልደረቦችም አስበውበት ነበር። የኤይለርት በረዶ መጥረጊያ መኪና ከጠዋት ጀምሮ፣ በዚህ በኦገስት ፀሐይ፣ ከኩርባው ማዶ ብርቱካናማ መብራቱን እያበራ ቆሟል። በዚህ አገር ያንን መብራት አይቶ የማይቆም የለም።

ከኤይለርት ብራትላንድ ባለቤታቸው ግሪት፣ ልጆቻቸው ሄርዲስና ኮንራድ፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸው ጉንቮርና በተራራው ያሻገሩት ሰው ሁሉ ቀርቷል።

እንግዲህ ይህ ንባብ ሲያልቅ ደወሉ ይደወላል። ስድስቱ ተሸካሚዎች ይነሣሉ፤ እኛም እንከተላለን። ማንም እንዳይቸኩል። ነጩ መስመር ላይ ስንደርስ ሳጥኑ ይወርዳል። እዚያ እንቆማለን። የደቡቡ ሰው በማይኩ የሚለው ካለው ይበል፤ እንሰማዋለን። ማንም አይመልስለት፤ ማንም አይስቅ። ፊተኞቹ ብስክሌተኞች መጥተው ስለ ቆሙ ብቻ ሳጥኑ አይነሣም። ልጃቸው ኮንራድ ከኩርባው ላይ ሆኖ ያያል፤ የመጨረሻው፣ ደክሞት ወደ ኋላ የቀረውም ልጅ ደርሶ እግሩን መሬት ሲያወርድ እጁን ያነሣልናል። ያኔ እንነሣለን። ኤይለርት የኋለኛውን ጥለው ሄደው አያውቁምና ዛሬም አይሄዱም።

ከዚያ ወደ ዳግኒ እናደርሳቸዋለን። ያቋረጡትን ይጨርሱ። በዚህ ጊዜ «ሂድ» ብሎ የሚገፋቸው የለም።

ነፋሱን ለሌላው የከለሉትን ጌታ እሳቸውን ይከልላቸው። መንገዱን ከፊታቸው ጠርጎ፣ በየኩርባው ዞር እያለ፣ እስከ ቤቱ ያድርሳቸው። አሜን።